«ቆይ» የምንላቸው ልጆች

በሰፈራችን እድር ዓመታዊ የቤተሰብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበሩ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ልጅ አዝላችሁና ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ አያቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። ይህ አዳራሽ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ለሐዘን ነው፤ ድንኳን ለማስተከል፣ ወንበር ለማስቆጠር፣ መዋጮ ለመክፈል ነው የምንገናኝበት። ዛሬ ልጆች በመካከላችን እየሮጡ ስለ ልጆች እንድንነጋገር ስለጠራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ቢጮኹ አትቆጧቸው፤ እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በነጭ ጋወን ነው። በጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ውስጥ 25 ዓመት ሠርቻለሁ። በሕፃንነታቸው በእኔ እጅ ተከትበው ዛሬ የራሳቸውን ልጅ ታቅፈው እዚህ የተቀመጡ አሉ፤ ከዚህ ሆኜ እያየኋቸው ነው። እኔም የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ በ1995 ዓ.ም. ተወልዳ ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች፤ ትንሹ ገና 12 ዓመቱ ነው። ሰብሳቢያችን ስለ ክትባት እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ስለ ክትባት በየቀኑ ስለምናገር፣ ዛሬ በዚያች ክፍል ተቀምጬ 25 ዓመት ሙሉ ያየሁትን አንድ ሌላ ነገር እንዳነሣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እሳቸውም ፈቅደውልኛል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ልጅ ውሃ ሲያቀብለን፣ ተልኮ ሲመለስ፣ ጉልበት ስሞ ቀና ሲል የምንለው ምንድን ነው? «እደግ፣ ተመንደግ» እንላለን፤ ለሴቷም «እደጊ፣ ተመንደጊ» እንላታለን። ከአያቶቻችን የወረስነው ምርቃት ነው። ታዲያ ይህ ምርቃት ዓይናችን እያየ፣ ቤታችን ውስጥ፣ በየቀኑ ሲፈጸም ስንቶቻችን ልብ ብለን አይተነዋል? መርቀን ዞር እንላለን፤ ልጁ ያድጋል፤ ከዚያ አንድ ቀን ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሲቀር «መቼ አደገ?» ብለን እንደነግጣለን። እንዲያድግ የመረቅነው እኛው አይደለን እንዴ?

ዛሬ ሦስት ነገር አነሣለሁ። መጀመሪያ ልጅ በእውነት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያድግ ከክትባት ክፍሌ ያየሁትን እናገራለሁ። ቀጥዬ «ቆይ» ስለምትባለው ቃል እናገራለሁ፤ ልቤን የሚከብደኝ እርሷ ናትና በእርሷ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። በመጨረሻም ለዚህ እድር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። ሕፃን እንደተወለደ የመጀመሪያውን ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይመለሳል፤ ለኩፍኝ ደግሞ በ9 ወሩና በ15 ወሩ ይመጣል። እናንተ ልጃችሁን በየቀኑ ስለምታዩት ለውጡ ይሰወርባችኋል፤ እኔ ግን በቀጠሮ ስለማየው ለውጡ ፊት ለፊቴ ይቆማል። በ6ኛው ሳምንት የሚመጣው ሕፃን አንገቱን አይችልም፤ እናቱ ጭንቅላቱን በመዳፏ ደግፋ ትሰጠኛለች። በ10ኛው ሳምንት ዓይኔን አይቶ ፈገግ ይላል። በ14ኛው ሳምንት ድምፅ አውጥቶ ይስቃል፤ ጭኑን ወግቼው፣ አልቅሶ፣ እንባው ሳይደርቅ ተመልሶ ይስቅልኛል። ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው መርፌ እስከ 9 ወሩ አናገኘውም። በ9 ወሩ ሲመጣ ያ ልጅ የለም። ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ፣ ዳዴ የሚል፣ ጥርስ ያበቀለ ሌላ ልጅ ነው በሩ ላይ የሚደርሰው። ነጩን ጋወን ሲያይ ፊቱን እናቱ አንገት ሥር ይቀብራል። «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ሰው እምቢ ማለት ጀምሯል» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። እናቶቼ፣ ይቅርታ አያስፈልገውም። ልጃችሁ ዘመድን ከባዳ መለየት ጀመረ ማለት ነው። ያን ሁሉ ሰው አይቶ የእናንተን ፊት መረጠ ማለት ነው።

ቁጥሩንም ልንገራችሁ፤ ቁጥሩ ራሱ ያስደንቃልና። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ሕፃን 5 ወር ገደማ ሲሆነው 6 ኪሎ፣ ዓመት ሲሞላው 9 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሲወለድ ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። በሁለተኛው ዓመት የዚያን ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ በየዓመቱ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በአዋቂነቱ ከሚኖረው ቁመት ግማሽ ያህሉን ጨርሷል። እዚያ በሩ አጠገብ ኳስ አቅፎ የቆመውን ልጅ እዩት። በዚያ ቁመት ላይ ሌላ ያንኑ ያህል ብትጨምሩበት ከበሩ መቃን ሥር የምታዩት ሙሉ ሰው ነው። አንጎሉ ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል፤ ሲወለድ የአዋቂ አንጎል ሩብ ያህል የሚመዝነው በሁለት ዓመቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ይደርሳል። ሰው ከእናቱ ማኅፀን ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ያደገውን ያህል በየትኛውም ሌላ ዓመት አያድግም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወላጅ የት ነው? ይህን የምጠይቀው ለመውቀስ አይደለም፤ እኔው ራሴ የት እንደነበርኩ ስለማውቅ ነው። ትልቋ ልጄ ስትወለድ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 60 ቀን ነበር። እንደምታውቁት የሴት ልጅ ክርስትና በ80ኛው ቀን ነው። ስለዚህ የልጄ ክርስትና 20 ቀን ሲቀረው ሥራ ገባሁ። የሌላ ሰው ልጅ ስከትብ ጡቴ ግቶ ጋወኔን ያረጥበው ነበር። ዛሬ ሕጉ ተሻሽሏል፤ ለመንግሥት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010፣ ለሌላው ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን እንዲሰጥ ተደንግጓል። ትልቅ ነገር ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ቁጠሩ፤ 14 ሳምንት 98 ቀን ነው። እናትየዋ የ14ኛው ሳምንት ክትባት ከመድረሱ 8 ቀን ቀደም ብላ ሥራ ትገባለች። በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በእናቱ እቅፍ የመጣውን ልጅ በ14ኛው ሳምንት ሞግዚት ወይም አያት ይዛው ስትመጣ ሳይ ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልገኝም። የአባትን ፈቃድ ታውቁታላችሁ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 3 ቀን ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛ በ2010ሩ አዋጅ 10 ቀን ነበር።

አባቶች ሆይ፣ እናንተን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት የ9 ወር ልጁን ይዞ መጣ፤ ሚስቱ ታማ ነበር። የሚኒባስ ሾፌር ነው። ልጁ በአባቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ያለማቋረጥ ያለቅሳል። እንደ ልማዴ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ «ስንት ጥርስ አብቅሏል? ምን ምን ይበላል? ዳዴ ይላል ወይ?» አልሁት። ሰውየው ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር፣ እኔ ከቤት የምወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው፤ የምመለሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን ልጅ ተኝቶ ትቼው ተኝቶ ነው የማገኘው። ዓይኑን ገልጦ ያየኝ ቀን ትንሽ ነው» አለኝ። አያችሁት ይህን ሰው? ሰነፍ አባት አይደለም። ያን ሁሉ ሰዓት መሪ ላይ የሚውለው ለዚያው ልጅ ወተትና ለቤት ኪራይ ነው። ልጁን ግን አልጋ ላይ ተዘርግቶ እንጂ ቆሞ አያውቀውም፤ ልጁም አባቱን አያውቀውም። የልጁን አፍ ከፍቼ ከታች ሁለት ከላይ ሁለት ጥርስ አሳየሁት። ጣቱን አስገብቶ ነካቸው፤ ልጁም ነከሰው። ሰውየው እንባው መጣ።

በ15 ወሩ ክትባት ጊዜ እናትየዋ ድና ሳለ ልጁን ይዞ የመጣው እርሱ ነበር። ልጁ ትከሻው ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን ጨምድዶ ይዞታል። «ምን ተደረገ?» ብዬ ጠየቅሁት። እሑድ ጧት ልጁን የሚያጥበው እርሱ ብቻ እንዲሆን ከሚስቱ ጋር እንደተስማሙ ነገረኝ። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ ውሃውን ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ለብ እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያ ልጁን ያጥባል፤ ቅባት ይቀባል፤ ልብስ ያለብሳል። በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። ሥራውን አልተወም፤ ገቢውንም አልቀነሰም። እርሱ ካልኖረ የማይደረግ አንድ ነገር ለራሱ አስቀረ፤ ሌላ ምንም አላደረገም። እኔ ስንት ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ከዚያ ሾፌር የተማርሁትን ያህል ግን ከየትኛውም አልተማርሁም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። በቀን ውስጥ ከአፋችን ወደ ልጆቻችን በብዛት የሚሄደው ቃል የትኛው ይመስላችኋል? ወደ ቤት ስትመለሱ አንድ ምሽት ቁጠሩት። «ቆይ፣ ወጡ እንዳያርርብኝ።» «ቆይ፣ ስልክ እያናገርሁ ነው።» «ቆይ፣ ዜና ልስማበት።» «ቆይ፣ ደክሞኛል።» «ቆይ፣ እሑድ።» አማርኛችን ጥልቅ ቋንቋ ነው። «ቆይ» ስንል ታገሥ ማለታችን ነው፤ «ቆይ» ስንል ደግሞ አትሂድ፣ እዚሁ ሁን ማለታችንም ነው። ልጆቻችን የመጀመሪያውን ትእዛዝ ይፈጽሙልናል፤ ሌላ ምርጫ የላቸውምና ይታገሣሉ። ሁለተኛውን ግን ቢፈልጉም ሊፈጽሙልን አይችሉም።

የቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ሁለተኛዋ ልጄ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ሐምሌ ላይ፣ የበዓል ገበያ ሳይወደድ ብዬ፣ እግሯን በክር ለክቼ መርካቶ ሄድሁና ቀይ ጫማ ገዛሁላት። ሁላችንም እንደምናደርገው ሰፋ ያለ እንዳልገዛ ያለፈው ዓመት ጫማ ሰፍቷት እየወደቀች አስቸግራ ነበርና በልኳ ገዛሁ። ሳሳያት ዓይኗ በራ። «አሁን ላድርገው» አለችኝ። «ቆይ፣ ለእንቁጣጣሽ ነው» አልኋትና ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልሁት። በማግሥቱ ጠየቀችኝ፤ «ቆይ» አልኋት። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ መሬት ሳልነካ አልጋ ላይ ብቻ ላድርገው» አለችኝ። አልጋ ላይ ብቻ! ጭቃ የለ፣ አቧራ የለ፣ ምን ይጎዳ ነበር? «ቆይ አልሁሽ እኮ» አልኋት።

መስከረም አንድ ቀን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጓደኞቿ ለአበባየሆሽ በር ላይ እየጠበቋት፣ ካርቶኑን አወረድሁ። እግሯ እምቢ አለ። ማንኪያ ተረከዟ ላይ አድርጌ ሞከርሁ፤ እምቢ አለ። ልጄ ጣቶቿን ውስጥ ለውስጥ አጥፋ፣ ፊቷን አኮማትራ፣ «ገብቶልኛል እማዬ፣ አይጠበኝም» እያለች ሁለት እርምጃ ተራመደች። ጥፋተኛው ጫማው ወይም እግሯ እንዳይመስለኝ፣ እንዳላዝን፣ እኔን ማጽናናቷ ነበር። በአሮጌው የላስቲክ ጫማ ወጥታ ዘፈነች። እርሷ ያን ቀን ፈጽሞ አታስታውሰውም፤ ጠይቄያታለሁ። እኔ ግን ያ ቀይ ጫማ በአንድ እግር እንኳ አንድ ቀን ሳይረገጥበት ለጎረቤት ልጅ ሲሰጥ የተሰማኝን ስሜት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ክሩ የለካው የሐምሌን እግር ነበር፤ መስከረም ላይ የቆመችው ሌላ ልጅ ነበረች።

ይህን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼ ስናገር ያስታወሰኝ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱን ሳልነግራችሁ ብወርድ ቅር ይለኛል። በየሰፈራችን እናታቸው ዓረብ አገር ሄዳ አያት የምታሳድጋቸው ልጆች እንዳሉ ታውቃላችሁ። በዚህ አዳራሽም አሉ። አንዲት አያት ሦስት ዓመት ሊሞላት የደረሰች ልጅ ለቫይታሚን ኤ እና ለሆድ ትላትል መድኃኒት ይዘው መጡ። ልጅቷ የለበሰችው ቀሚስ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን ብብቷ ሥር ይዟታል፣ እጇን ማንሣት አልቻለችም። «እናቴ፣ ይህ እኮ ጠቧታል» አልኋቸው። «አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ፤ «እናቷ ናት በካርጎ የላከችው። ጥላት ስትሄድ ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። ልብስ የምትገዛላት ጥላት በሄደችው ልጅ ልክ ነው። ጠበባት ብዬ ብነግራት ታለቅሳለች፤ ስለዚህ በኢሞ ስትደውል አልብሼ አሳያታለሁ።»

ምን ልበላቸው? ልጅቷን የቁመት መለኪያው ላይ አቆምኋት፤ 92 ሳንቲ ሜትር ሆነች። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸውና «እናቷ በስልክ ስትደውል ይህን ንገሯት፤ ብታለቅስም ንገሯት» አልኋቸው። በስድስተኛው ወር ለቀጣዩ ቫይታሚን ሲመለሱ ልጅቷ በልኳ የተገዛ ቀሚስ ለብሳ ነበር። እናትየዋ በምትሠራበት ቤት ባለችው ትንሽ ክፍል ግድግዳ ላይ 92 ሳንቲ ሜትር ለክታ በእርሳስ አንድ መስመር አስምራለች አሉኝ። ማታ ሥራዋን ጨርሳ ስትገባ ከመስመሩ አጠገብ ትንበረከክና የልጇ ራስ የት ላይ እንደሚደርስ በእጇ ትለካለች። ያን ቀን አዲሱን ቁጥር ለመጻፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። እዚህ ያላችሁ አያቶች፣ አክስቶች፣ ልጅ ተረክባችሁ የምታሳድጉ ሁሉ፣ እለምናችኋለሁ፤ ለሩቅ ወላጅ «ደኅና ናት» ብቻ አትበሉ። ቁመቷን ንገሯት፤ የጫማ ቁጥሯን ንገሯት፤ ትናንት ምን ብላ እንደጠየቀች ንገሯት። እንዳታለቅስ ብላችሁ የልጇን እድገት አትደብቁባት።

ምን እንደጠየቀች ስል አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጆቼን ልትጠይቅ ስትመጣ ስለ ኪሎአቸው ጠይቃኝ አታውቅም፤ «አሁን ምን ትላለች?» ነበር የምትለኝ። እኔ የጤና ባለሙያዋ ኪሎውን በግራም እነግራታለሁ፤ ልጄ ምን እንዳለች ግን ስትጠይቀኝ ይጠፋኝ ነበር። ሦስተኛው ልጄ አፍ ሲፈታ ግን ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዝቼ የሚናገረውን መጻፍ ጀመርሁ። ረጅም አይደለም፤ ማታ አንድ መስመር ነው። ደብተሩን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ጥቂት ላንብብላችሁ። ያለፈውን ሁሉ «ትናንት» ይል ነበር፤ «ትናንት ሆድሽ ውስጥ ሆኜ ምን እበላ ነበር?» ብሎኛል። ማታ ላይ «ፀሐይ የምታድረው ማን ቤት ነው?» ብሎ ጠይቋል። አራት ዓመቱ ላይ ደግሞ የወራትን ስም ሳስቆጥረው ጳጉሜን ላይ ደርሰን አምስት ቀን ብቻ እንደሆነች ነገርሁት። አሰበና «ጳጉሜን ገና ሕፃን ናት? ስታድግ 30 ቀን ይሆናታል?» አለኝ። በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንደምትጨምር ስነግረው «አየሽ፣ እያደገች ነው!» አለ። አሁን 12 ዓመቱ ነው፤ ዘመን አቆጣጠሩን ከእኔ በተሻለ ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ግን ከእንግዲህ አይጠይቀኝም። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ እኔም አላስታውሰውም ነበር። ስልካችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ፤ ፎቶው ፊታቸውን ይይዛል፣ መልካም ነው፤ ጥያቄያቸውን ግን አይዝም።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ጉዳዬ ስለ ጎረቤት ነው። «ሥራችሁን ትታችሁ ልጅ ተመልከቱ» ልላችሁ እንዳልመጣሁ ተረድታችሁኛል ብዬ አምናለሁ። ኑሮው ይታወቃል። ወላጅ መኖር በማይችልበት ሰዓት ግን በልጁ አጠገብ ማን አለ? የእኔ ልጅ ሲያድግ ያየልኝ ማን ነበር? ላሳያችሁ፤ እዚያ ከመስኮቱ ሥር ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል። ስማቸውን ብጠራ ይቆጡኛል፤ እትዬ እያልሁ ነው የኖርሁት። ትልቋን ልጄን በ60 ቀኗ ተቀብለው፣ በአንቀልባ አዝለው፣ እሹሩሩ ብለው ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው።

ልጄ ዓመት ልትደፍን ጥቂት ሲቀራት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገባሁ። እትዬ ልጅቷን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው «እስቲ እዚያ ማዶ ተቀመጪና ጥሪያት» አሉኝ። ጠራኋት። የመሶቡን ጠርዝ ይዛ ተነሣች፤ መሶቡን ለቀቀች፤ ያለ ምንም ድጋፍ ቆመች። «ወፌ ቆመች!» ብዬ ጮህሁ፤ እትዬ እልል አሉ፤ ልጄ ደንግጣ በቂጧ ቁጭ አለች። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆም አይቻታለሁ እያልሁ 21 ዓመት ለሰው ሁሉ ስናገር ኖርሁ። ባለፈው ዓመት የምረቃዋ ዕለት ማታ፣ ቡና ላይ፣ ያንኑ ታሪክ ደግሜ ሳወራ እትዬ ዝቅ ባለ ድምፅ «እውነቱን ልንገርሽ መሰለኝ» አሉ። «የቆመችው ረቡዕ ነው። እኔና እርሷ ብቻችንን ነበርን። እልል ልል አፌን ከፍቼ እናቷ ሳታይ እንዴት ብዬ ዝም አልሁ። ሐሙስም ቆመች፣ ዓርብም ቆመች። አንቺ ዘግይተሽ ስለምትገቢ ቅዳሜን ጠበቅሁልሽ።»

ለሦስት ቀን እልልታቸውን ዋጡልኝ፤ ለ21 ዓመት ምስጢሩን ጠበቁልኝ። እትዬ፣ በዚህ ሕዝብ ፊት ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። እንደ እትዬ ያሉ እናቶች በዚህ እድር ውስጥ ዛሬም አሉ፤ ጡረታ የወጡ፣ ልጆቻቸውን የዳሩ፣ ጉልበታቸው ያልደከመ። በሌላ በኩል 90 ቀናቸው አልቆ ልጃቸውን ማን ላይ እንደሚጥሉ ጨንቋቸው ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ወጣት እናቶች አሉ፤ ክፍሌ ውስጥ እያለቀሱ ይነግሩኛል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ከፍተዋል፤ አብዛኞቹ እናቶች ግን የሚሠሩት እንዲህ ያለ ነገር በሌለበት ነው። ይህ አዳራሻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን ይሠራል? ተቆልፎ ይውላል። ውሃ አለው፤ መጸዳጃ አለው፤ አጥር ግቢ አለው፤ ጧት ጧት በምሥራቁ መስኮት ፀሐይ ይገባል። ሐዘን በደረሰ ቀን ለሐዘን እንለቀዋለን፤ በቀረው ቀን ለምን የሰፈራችን ሕፃናት አይውሉበትም? ለሚጠብቋቸው እናቶች ተገቢውን ክፍያ ወላጆች ቢያዋጡ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ወላጅ ደግሞ ማታ ሊወስድ ሲመጣ «ዛሬ ምን አለች? ዛሬ ምን አደረገ?» ብሎ ጠይቆ የሚሄድበት ቦታ ይሆናል። ስለ ንጽሕናው፣ ስለ ምግቡ፣ ሲታመሙ ስለሚደረገው ጥንቃቄ እኔ ያለ ክፍያ አሠለጥናለሁ፤ ጡረታ የወጡ ሁለት የሙያ ጓደኞቼም ቃል ገብተውልኛል።

ሰብሳቢያችን፣ ቁልፉ በእርስዎ እጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ውሳኔው ግን የጉባኤው ነው። ዛሬ ውይይት እንዲከፈትበት፣ በሚቀጥለው ወር ስብሰባም ድምፅ እንዲሰጥበት በትሕትና እጠይቃለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሕፃናት የሚነጠፍ አንድ ትልቅ ምንጣፍ ቤቴ አለ፤ ልጄ የቆመችበት ነው፤ አጥቤ አዘጋጅቼዋለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።